ሰው በሌለበት ምድር ብቻን መትረፍ

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ ታዳሚያን፤

ንግግሬን የምጀምረው በአንዲት ልብስ ሰፊ ታሪክ ነው። ኤዳ ብላክጃክ ትባላለች፤ በአላስካ የተወለደች የኢኑፒያት ተወላጅ ናት። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላስታውስና፣ በ1921 ኤዳ የ23 ዓመት ወጣት ነበረች። በዚህ ዕድሜዋ ከወለደቻቸው ሦስት ልጆች ሁለቱን ቀብራለች፤ ባሏ ጥሏት ሄዷል፤ የቀረላት አንድ ልጇ ቤኔት ደግሞ በሳንባ ነቀርሳ ይማቅቅ ነበር። ባሏ ከተዋት ስፍራ እስከ ኖም ከተማ ድረስ ያለውን 60 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የተጓዘችው በእግሯ ነው፤ ሕፃኑ መራመድ ሲያቅተው ትሸከመው ነበር። ኖም ስትደርስ የምታሳክምበት ገንዘብ ስላልነበራት ልጇን ለሕፃናት ማሳደጊያ ሰጠችው። በዚህ መካከል ነበር በወር 50 ዶላር የሚከፈልበት የልብስ ሰፊነት ሥራ መገኘቱን የሰማችው።

ሥራው ከሳይቤሪያ በስተሰሜን በበረዶ ባሕር መካከል ወደምትገኘው ወደ ራንገል ደሴት ከሚሄዱ አራት ወጣት ወንዶች ጋር መዝመት ነበር። የጉዞው ጠንሳሽ ቪልሃልሙር ስቴፋንሰን የተባለ የዋልታ አሳሽ ሲሆን፣ ደሴቲቱ በእንግሊዝ ስም እንድትያዝ ይፈልግ ነበር፤ እርሱ ግን አብሮ አልሄደም። ሌሎች የአገሬው ቤተሰቦችም አብረው እንዲሄዱ ታስቦ ሳለ በመጨረሻው ሰዓት ሳይመጡ ቀሩ፤ ኤዳ ብቻዋን ገባች። በሴፕቴምበር 1921 ደሴቲቱ ላይ ሲወርዱ የያዙት ስንቅ ለስድስት ወር የሚበቃ ነበር። የቀረውን እያደኑ እንደሚበሉ፣ በሚቀጥለው በጋም መርከብ እንደሚመጣላቸው አምነው ነበር። በ1922 በጋ የተላከችው መርከብ በባሕሩ በረዶ ታግዳ ተመለሰች። አደኑም አልሆነላቸውም። በጃንዋሪ 1923 ሦስቱ ወንዶች በቀዘቀዘው ባሕር ላይ በእግር ወደ ሳይቤሪያ ተሻግረው እርዳታ ሊያመጡ ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ያያቸው የለም። ሎርን ናይት የተባለው አራተኛው ሰው የቫይታሚን ሲ እጥረት በሚያመጣው በስከርቪ በሽታ ታሞ አልጋ ይዞ ስለነበር ከኤዳ ጋር ቀረ።

እዚህ ላይ ጥቂት እንድንቆይ እፈልጋለሁ። ስለ ዱር ኑሮ ስናስብ በአብዛኛው በአእምሯችን የሚመጣው ጠንካራ፣ ጡንቻው የዳበረ፣ ጠመንጃ የያዘ ሰው ነው። በእኛም አገር ስለ ባሕታውያን ስንሰማ አድገናል፤ በዝቋላ ተራራ ከስድሳ አንበሳና ከስድሳ ነብር ጋር ስለኖሩት ጻድቅ ገድሉ ሲነበብ ሰምተናል። ያ የጸጋ መንገድ ነው፤ እኔ የምናገረው እንደ እናንተና እንደ እኔ ስላለ፣ ሲርበው ስለሚደክም፣ ሲበርደው ስለሚንቀጠቀጥ ሰው ነው። ኤዳ አዳኝ አልነበረችም። ያደገችው በኖም በሚስዮናውያን እጅ ሲሆን፣ የተማረችውም ማንበብ፣ ምግብ ማብሰልና መስፋት ነበር። ወጥመድ አጥምዳ፣ ጠመንጃ ተኩሳ አታውቅም። ነጭ ድብ ደግሞ በጣም ትፈራ ነበር። ሆኖም ናይት መንቀሳቀስ ካቃተው በኋላ እንጨት የምትለቅመው፣ በረዶ አቅልጣ ውኃ የምታዘጋጀው፣ ወጥመዱን ዞራ የምታየው፣ በሽተኛውን የምታገላብጠው እርሷ ሆነች። በሕመሙ የተማረረው ሰውዬ ይሰድባት ነበር። በማስታወሻ ደብተሯ ላይ፣ የአራት ወንዶችን ቦታ ተክቶ መሥራት ለአንዲት ሴት ምን ያህል እንደሚከብድ ቆም ብሎ አያስብም የሚል ቃል ጽፋለች። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ያችን ድንኳን አያታለሁ፤ ውጭው ነጭ ጨለማ፣ ውስጡ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ በቁጣ እየሞተ፣ ሌላዋ በእርሳስ እየጻፈች።

ናይት በጁን 1923 ሞተ። ኤዳ አስከሬኑን አውጥታ ለመቅበር አቅም ስላልነበራት አልጋው ላይ ትታው አውሬ እንዳይደርስበት በዙሪያው ሣጥኖች ደረደረችና ወደ ዕቃ ማስቀመጫው ድንኳን ተዛወረች። ማዕበል ወደ ዳርቻው የገፋውን ግንድ እየጎተተች የድንኳኑን ግድግዳ ደገፈች። ከባዶ ሣጥን ጥይትና የርቀት መነጽር የምታስቀምጥበት ቁም ሣጥን ሠራች። ጠመንጃው ለእጇ ቅርብ እንዲሆን ከአልጋዋ በላይ መስቀያ አበጀችለት፤ ድብ ከሩቅ ሲመጣ ለማየትም ከመጠለያዋ በላይ መቆሚያ ማማ ሠራች። ወፍ መምታት ተለማመደች። ከእንጨትና ከሸራ ጀልባ ሠራች። ወንዶቹ ትተውት በሄዱት ካሜራ ከድንኳኗ ፊት ቆማ ራሷን ፎቶግራፍ እስከ ማንሳት ደረሰች። ከእርሷ ጋር የነበረችው ሕይወት ያላት ፍጥረት ቪክ የተባለች ድመት ብቻ ነበረች። እንዲህ ሆና ሁለት ወር ገደማ ቆየች።

የልብስ ሰፊነቷን ነገር በቀላሉ አልፈው ዘንድ አይገባኝም፤ ምክንያቱም የጉዳዩ እምብርት እዚያ አለ። በዋልታ አካባቢ የሚኖሩ ሕዝቦች የቆዳ ልብስና ጫማ የሚሰፉት በእንስሳ ጅማት ነው። ጅማቱ ውኃ ሲነካው ያብጣል፤ ሲያብጥ መርፌው የበሳውን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ስለዚህ በጥሩ እጅ የተሰፋ ጫማ ውኃ አያስገባም፤ በመጥፎ እጅ የተሰፋው ግን ያስገባል፣ እግር ይረጥባል፣ የረጠበ እግር ይቀዘቅዛል፣ የቀዘቀዘ እግር ይሞታል። እነዚያ አራት ወንዶች ሴት ልብስ ሰፊ ቀጥረው የወሰዱት ለምቾት አልነበረም። በዚያ ምድር በሕይወትና በሞት መካከል ያለው ነገር አንዳንድ ጊዜ የስፌት ጥብቀት ነው፤ ያለ መርፌ አንድ ክረምት መግፋት አይቻልም።

የሰው አካል የውስጥ ሙቀት 37 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። ይህ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ አደጋው ይጀምራል። መጀመሪያ ሰውየው ክፉኛ ይንቀጠቀጣል፤ ቀጥሎ እጁ አልታዘዝ ይለዋል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ ማሰብ ይሳነዋል። በመጨረሻው ደረጃ ላይ የሞቀው መስሎት ልብሱን አውልቆ ጥሎ የተገኘ ሰው ብዙ ነው። ሁለት ሰዎች ቢሆኑ አንዱ የሌላውን መንተባተብ ሰምቶ፣ ና ተቀመጥ፣ እሳት እናንድድ ይለዋል። ብቻውን ያለ ሰው አእምሮው መድከሙን የሚያውቀው በዚያው በደከመው አእምሮ ነው። ብቸኝነት በዱር ውስጥ ይህን ያህል የሚከብደው ከናፍቆቱ ይልቅ በዚህ የተነሣ ይመስለኛል፤ የሚያርምህ ሰው የለም።

ይህን በመጠኑም ቢሆን በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመንዝ ጓሳ ከሰዓት በኋላ ለአጭር የእግር ጉዞ ወጣሁ። ጓሳን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ የሆነ፣ የጓሳ ሣር በጉብታ በጉብታ የበቀለበት፣ ጅብራ እዚህም እዚያም የቆመበት፣ ሁሉ ነገር ሁሉን ነገር የሚመስልበት ሜዳ ነው። ጭላዳዎቹን እያየሁ ቆይቼ ቀና ስል ጉም ወርዷል። መንገዱ ከግራዬ መሆኑን እርግጠኛ ነበርሁ። በዚያ እርግጠኝነት አንድ ሰዓት ያህል ስሄድ ቆይቼ ከገደል አፋፍ ላይ ደረስሁ፤ ገደል መሆኑን ያወቅሁትም ከሥር በመጣው ነፋስ ነው። በዚያ ሰዓት ላቤ ልብሴን አርጥቦት ነበር፤ ፀሐይዋም ገብታለች። ስልኬ መስመር የለውም። እጄ የጃኬቴን ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅተው ነው የደነገጥሁት። ተመልሼ ነፋስ ከማይነካው ጉድጓድ ነገር ገብቼ የጓሳውን ሣር ከሥሩ ደረቅ ደረቁን እየነቀልሁ በሸሚዜና በጃኬቴ መካከል ጠቀጠቅሁ፤ ከበታቼም ወፍራም አድርጌ አነጠፍሁ። ይህን ያደረግሁት በጥበብ አልነበረም፤ በዚያው ቀን ጠዋት አንዲት እናት ከሣሩ ገመድ ሲገምዱ አይቼ፣ ለቤት ክዳንም እንደሚሆን ሲነግሩኝ ሰምቼ ስለነበር ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተንቀጠቀጥሁ፤ ግን ነጋ።

ጎሕ ሲቀድ የውሻ ጩኸት ሰማሁና ተጣራሁ። ዐሥራ ሦስት ዓመት የሚሆነው እረኛ ጋቢውን ተከናንቦ መጣ። «እዚህ አደሩ እንዴ ጋሼ?» አለኝ። የሆነውን ስነግረው ለአፍታ ገደሉን፣ ለአፍታ እኔን እያየ፣ «ጉም ሲወርድ እኮ አይኬድም፤ ይቀመጣል እንጂ» አለ። እኔ በመጻሕፍት ያነበብሁትን፣ የነፍስ አድን ባለሙያዎች ሁሉ የሚያስተምሩትን፣ የጠፋ ሰው መጀመሪያ መቆም አለበት የሚለውን ነገር እርሱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ነገረኝ። ልዩነታችን እኔ የማውቀውን አለመሥራቴ ነበር። መንገዱ ያደርሁበት ስፍራ አጠገብ ነበር፤ ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ርቀት።

ከዚህ ቀጥዬ የማነሣው ብዙ ሰው የሚያውቀውን አሳዛኝ ታሪክ ነው። ክሪስቶፈር ማካንድለስ የተባለ የ24 ዓመት አሜሪካዊ በአፕሪል 1992 ብቻውን ወደ አላስካ ዱር ገባ። የያዘው አራት ኪሎ ተኩል ያህል ሩዝ፣ ትንሽ ጠመንጃና ስለሚበሉ ዕፅዋት የሚናገር መጽሐፍ ነበር። በተተወ አውቶቡስ ውስጥ አደረ፤ እዚያው በኦገስት ሞተ። ሲገኝ አስከሬኑ 30 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። በዚህ ልጅ ላይ ከባድ ፍርድ የሚሰጡ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ጋር አይደለሁም። ከአንድ መቶ ቀን በላይ ብቻውን ቆይቷል፤ ሰነፍ ወይም ፈሪ ሰው ይህን አያደርግም። እኔን ዕረፍት የሚነሳኝ ሁለት ዝርዝር ነገር ነው።

አንደኛው የሥጋው ጉዳይ ነው። በጁን ወር ሙስ የሚባለውን ግዙፍ የአጋዘን ዝርያ ገደለ። ያ እንስሳ ብዙ ሥጋ ያለው ነው፤ ለአንድ ሰው ለወራት ይበቃ ነበር። ሥጋውን በጭስ ሊያቆየው ሞከረ፤ እንዲህ እንዲያደርግ የመከሩት በሩቅ ስፍራ፣ በደቡብ ዳኮታ፣ በሌላ የአየር ጠባይ ያሉ አዳኞች ነበሩ። በአላስካ ዱር ያለ ሰው የሚያደርገው ግን ሥጋውን ስስ ስስ አድርጎ ዘልዝሎ በነፋስ ማድረቅ ነው። ጢስ የገባበት ወፍራም ሥጋ በዝንብ ተወረረ፣ ትል አወጣ፣ ተጣለ። በማስታወሻው ላይ ያንን እንስሳ ባልገደልሁት ኖሮ ብሎ መጸጸቱን ጽፏል። እስቲ አስቡት፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለነው መካከል የእናቱን ጓዳ የሚያውቅ ሁሉ ቋንጣ እንዴት እንደሚሰቀል ያውቃል። ሥጋው እንደ ጠፍር ቀጥኖ ይዘለዘላል፣ ጨውና በርበሬ ይነካል፣ ነፋስ በሚያገኘው ገመድ ላይ አንዱ አንዱን ሳይነካ ይንጠለጠላል። የእኛ እናቶች በየኩሽናው የሚሠሩት ይህ ትንሽ ሥራ ያንን ወጣት ለበርካታ ሳምንታት ሊያቆየው ይችል ነበር።

ሁለተኛው ወንዙ ነው። በጁላይ መጀመሪያ ላይ ወደ ሰው አገር ሊመለስ ተነሣ። ሲገባ በበረዶ ላይ የተሻገረው የቴክላኒካ ወንዝ ግን በበጋው የበረዶ ግግር ቅላጭ ሞልቶ እየገሠገሠ ጠበቀው። ተመለሰ። ከዚያ ስፍራ ከአንድ ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ፣ ወንዙን የሚለኩ ባለሙያዎች የሚሻገሩበት በብረት ገመድ ላይ የተንጠለጠለ በእጅ የሚጎተት ቅርጫት ነበር። ዝርዝር ካርታ ስላልያዘ አላወቀም። ከእርሱ ሞት በኋላ አውቶቡሱን ለማየት ሲሄዱ በ2010 እና በ2019 ሁለት ሰዎች በዚሁ ወንዝ ሰጥመው ሞተዋል፤ በ2020 የአካባቢው መንግሥት አውቶቡሱን በሄሊኮፕተር አንሥቶ ወሰደው።

ስለ ወንዝ ካነሣን ዘንድ፣ ወንዝ ያዳናትን ልጅም ላንሣ። በዲሴምበር 24 ቀን 1971 ከሊማ የተነሣ የመንገደኞች አውሮፕላን በፔሩ ደን ላይ በመብረቅ ተመታና በአየር ላይ ተሰባበረ። ከ92ቱ ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች በሕይወት የወጣችው የ17 ዓመቷ ጁሊያነ ኮፕከ ብቻ ናት። ከወንበሯ ጋር እንደታሰረች 3,000 ሜትር ያህል ቁልቁል ወድቃ ዛፎቹ ተቀበሏት። የአንገት አጥንቷ ተሰብሯል፣ ክንዷ ቆስሏል፣ መነጽሯ ጠፍቷል፣ አንድ እግር ሰንደል ነው የቀራት። ለምግብ ያገኘችው ከረሜላ ብቻ ነበር። ነገር ግን ወላጆቿ የእንስሳት ተመራማሪዎች ነበሩ፤ በዚያ ደን ባቋቋሙት የምርምር ጣቢያ አንድ ዓመት ተኩል ያህል አብራቸው ኖራለች። አባቷ ከጠፋሽ የምታገኚውን ውኃ ተከተይ፤ ትንሹ ወደ ትልቁ ይወስድሻል፣ በትልቁ ዳር ሰው አለ ብሏት ነበር። ምንጭ አገኘች፤ ተከተለችው። ከፊት ለፊቷ በእንጨት እየነካካች በውኃው ውስጥ ሄደች። አንድ ቀን የአንድ ወፍ ድምፅ ሰማች፤ ያ ወፍ ጎጆውን የሚሠራው ክፍት ሰፊ ውኃ ባለበት መሆኑን ታውቅ ነበርና ትልቁ ወንዝ መቅረቡን ተረዳች። ሌላው ሰው ያንን ድምፅ የወፍ ጩኸት ብሎ ያልፈው ነበር። በክንዷ ቁስል ውስጥ ትል ሲፈላ፣ በወንዙ ዳር ካገኘችው ጀልባ ቤንዚን ቀድታ አፈሰሰችበት፤ አባቷ በውሻቸው ላይ እንዲህ ሲያደርግ አይታ ነበር። በ11ኛው ቀን እንጨት ቆራጮች አገኟት።

ይሁንና ይህን ታሪክ የሰማ ሰው በሰሜን ተራሮች ጠፍቶ ውኃ ልከተል ቢል ምን ይገጥመዋል? የጂንባር ወንዝ እያዋዛ ወስዶ ወስዶ ከግጭ ገደል አፋፍ ያደርሰዋል፤ ውኃው ይወረወራል፣ ሰው ግን አይወረወርም። በፔሩ ደን ያዳነው ምክር በሰሜን ይገድላል። በደቡብ ዳኮታ የሠራው ጢስ በአላስካ ከሸፈ። ስለዚህ ሁሉን አገር የሚገዛ የመትረፍ ሕግ አለ ብዬ ልነግራችሁ አልችልም። ያለው የየአገሩ ሕግ ነው፤ እርሱንም የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው።

ሙቀቱ ደግሞ ከብርዱ ይልቅ ይቸኩላል። ሰው ያለ ምግብ ሳምንታት ይቆያል፤ ያለ ውኃ ግን በመጠነኛ አየር ሦስት ቀን ያህል ነው፣ በሐሩር ደግሞ ከዚያ ያንሳል። በሙቀት የሚሠራ ሰው በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ላብ ሊያወጣ ይችላል። የጠማው ሰው የባሕር ውኃ ቢጠጣ ጨውን ለማስወጣት ከጠጣው የበለጠ ውኃ ከሰውነቱ ስለሚወጣ ጥማቱን ያፋጥነዋል፤ ሽንትም ጨዉ እየጨመረ ስለሚሄድ መፍትሔ አይሆንም። በረሃ የሚኖሩ ሕዝቦች በቀትር የማይንቀሳቀሱት፣ ሰውነታቸውን በልብስ የሚሸፍኑት፣ ጥላ የሚፈልጉት ላባቸውን ለመቆጠብ ነው። ያላቸውን ውኃ መጠጣቱንም አያዘገዩም፤ በኮዳው ውስጥ ውኃ እያለ በጥማት ራሱን ስቶ የሚወድቅ ሰው በውኃው አልተጠቀመም።

በ1994 በሞሮኮ በረሃ በሚደረግ የእግር ሩጫ ላይ ማውሮ ፕሮስፔሪ የተባለ ጣሊያናዊ በአሸዋ ማዕበል ተያዘ። ደረጃው እንዳይወርድበት ማዕበሉ ውስጥ መሮጡን ቀጠለ፤ ሲጠራ ዱካ የለም። ከዘጠኝ ቀን ያላነሰ ጊዜ ጠፍቶ፣ ድንበር ተሻግሮ፣ በአልጄሪያ ምድር ተገኘ። በጠዋትና በማታ ብቻ እየተጓዘ፣ በተተወ የመቃብር ቤት ውስጥ ያገኛቸውን የሌሊት ወፎች ደም እየጠጣ እንደቆየ ተናግሯል። ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ መጀመሪያ ያገኘው ሰው ማን ነበር? ፍየል የምትጠብቅ ትንሽ ልጅ። እርሱ ሊሞትበት በተቃረበው በረሃ እርሷ ፍየሎቿን ታሰማራ ነበር።

የእኛው ዳሎል ከባሕር ጠለል በታች የሚገኝ፣ ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ምዝገባ ዓመታዊ አማካይ ሙቀቱ 34.6 ዲግሪ የደረሰ ምድር ነው። አፋሮች በዚያ አካባቢ ከጥንት ጀምሮ ኖረዋል፤ ጨው ቆርጠው፣ በግመል ጭነው ይነግዳሉ። የእነርሱ ትልቁ የመትረፊያ መሣሪያ ግን ከግመሉም ከውኃ አቁማዳውም በላይ ዳጉ ይመስለኛል። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ይቀመጣሉ፤ አንዱ ካየውና ከሰማው ሁሉ ይጀምራል፤ ዝናብ የት ጣለ፣ የትኛው ኤላ ደረቀ፣ ግጦሹ ወዴት ነው፣ ማን ታመመ፣ ጠብ የት ተነሣ፣ መንገዱ ደኅና ነው ወይ። ሌላው ያዳምጣል፣ ይጠይቃል፣ በተራው ይናገራል። የተሳሳተ ወሬ ማቀበል ነውር ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ምድር የተሳሳተ ወሬ ሰው ይገድላል። በዚህ ልማድ ምክንያት አንድ አፋር ለብቻው ሲሄድ እንኳ ብቻውን አይደለም፤ ትናንት ያገኘው ሰው ዓይን፣ ከትናንት በስቲያ ያንን ያገኘው ሰው ዓይን አብሮት ይሄዳል።

ወደ ዓረብ አገር ለመሻገር በዚያው በረሃ፣ በጅቡቲ አድርገው ወደ ኦቦክ የሚጓዙ ወጣቶቻችንን ሳስብ ልቤ የሚሰበረው በዚህ ምክንያት ነው። ከወሎ ደጋ፣ ከጂማ፣ ከአርሲ ወጥተው፣ አንድ የውኃ ጠርሙስ ይዘው፣ የማያውቁትን ላቫ ድንጋይ በእግራቸው ያቋርጣሉ። ደላላው ሩቅ አይደለም፣ ትንሽ ነው የቀረው ይላቸዋል። በጥማት ወድቀው በመንገድ ዳር የቀሩ አሉ። የተወለዱበትን ተራራ ጠንቅቀው የሚያውቁ፣ ጉም ሲወርድ መቀመጥን የሚያውቁ ብርቱ ልጆች ናቸው፤ እውቀታቸው ግን የደጋ እውቀት ነው፣ ስለ በረሃው እውነቱን የነገራቸውም ሰው የለም። ከእናንተ መካከል ለመሄድ የሚያስብ ወንድም ወይም እህት ያለው ቢኖር፣ ይህን ብቻ እንዲነግርልኝ እለምናለሁ፤ ያ መንገድ በጉልበት የሚታለፍ አይደለም።

ስለ ብቸኝነቱ ራሱ ጥቂት ብዬ ወደ ኤዳ ልመለስ። አሌክሳንደር ሰልከርክ የተባለው የስኮትላንድ መርከበኛ ከ1704 እስከ 1709 ድረስ አራት ዓመት ከአራት ወር በሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴት ላይ ብቻውን ቆይቷል። ሲያገኙት ንግግር ረስቶ ቃላቱን በግማሽ እየጎመደ ይናገር ነበር። አይጦች ሌሊት እግሩን እየበሉ ስላስቸገሩት ድመቶችን አለመደ፤ የፍየል ቆዳ ለበሰ፤ መጽሐፍ ቅዱሱን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብ ነበር። ብቻቸውን ቆይተው በተረፉ ሰዎች ታሪክ ውስጥ ይህ ደጋግሞ ይታያል። ቀኑን በሥራ ይከፋፍሉታል፣ ለራሳቸው ይናገራሉ፣ ይጽፋሉ፣ የሚንከባከቡት ነገር ያገኛሉ። ኤዳም እንዲሁ ነበረች። በማስታወሻዋ ላይ የምናገኘው ትልልቅ ሐሳብ አይደለም፤ ዛሬ እንጨት ቆረጥሁ፣ ዛሬ ቀበሮ ያዝሁ፣ ዛሬ ጓንት ሰፋሁ፣ ዛሬ ዓይኔ አመመኝ ዓይነት ነገር ነው። እኔ ግን ከብዙ የጀብዱ ታሪክ ይልቅ ይህን አከብራለሁ፤ ነገን መኖር ማለት ለእርሷ ነገ የሚሰፋ ጓንት መኖሩ ነበር።

ደግሞም አንድ ነገር ነበራት፤ ያለችበትን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ማካንድለስ የት እንዳለ ቤተሰቦቹ አያውቁም ነበር፤ እኔም በጓሳ በዚያች ሌሊት የት እንደሄድሁ ለማንም አልተናገርሁም ነበር። የኤዳን ደሴት ግን መርከበኞች ያውቋታል፤ በ1922 ያቃታቸውን በ1923 ደግመው ሞከሩት። በኦገስት 1923 ዶናልድሰን የተባለችው መርከብ በረዶውን ጥሳ ደረሰች። አምስት ሰዎች ሊያገኙ የመጡት መርከበኞች አንዲት ሴትና አንዲት ድመት አገኙ።

ጋዜጦች ጀግና ብለው ስሟን አነሡት፤ ታሪኩን ጽፈው ገንዘብ ያገኙበት ግን ሌሎች ሰዎች ነበሩ። እርሷ ከዚያ ከሁለት ዓመት ድካም ያገኘችውን ገንዘብ ይዛ ቤኔትን ከማሳደጊያው አወጣችውና ለሳንባው ሕክምና ወደ ሲያትል ወሰደችው።